ምን ይታሸግ፣ ምን ይቅር? የፋይል ዝርዝር አያያዝ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ሶፍትዌር ጽፎ መጨረስ አንድ ሥራ ነው። አሽጎ ለሰው መስጠት ሌላ ሥራ ነው። በመሃል አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ፦ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ የትኛው ፋይል ይግባ፣ የትኛው ይቅር?

መልሱ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። የሚጻፍበት መንገድ ግን ይለያያል። አንዱ መሣሪያ እያንዳንዱን ፋይል በስሙ ጥሩልኝ ይላል። ሌላው በኮከብ ምልክት (*)፣ ማለትም «ስሙ ምንም ይሁን» በሚል ምልክት ይሰበስባል። ሦስተኛው ሁሉንም ይወስድና የማትፈልጉትን ንገሩኝ ይላል። አራተኛው ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መከታተያ የሚያውቀውን ሁሉ ያነሳል። አብዛኛው ሰው መሣሪያው ያቀረበለትን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ጣጣ እስኪመጣ ድረስ።

እኔ አራቱን የማበላልጠው በአንድ ጥያቄ ነው። ዝርዝሩ ሲሳሳት ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? እናንተ ናችሁ፣ ቢልዱ (ኮዱን ወደ ፓኬጅ የሚቀይረው ሂደት) ነው ወይስ ተጠቃሚው?

## ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም

ዝርዝር በሁለት በኩል ይሳሳታል። መግባት የነበረበት ፋይል ይቀራል፤ ወይም መቅረት የነበረበት ይገባል።

የመጀመሪያው ይጮኻል። ፕሮግራሙ ቴምፕሌቱን ወይም የትርጉም ፋይሉን ፈልጎ ያጣና ይወድቃል። የሚያበሳጨው እናንተ ኮምፒውተር ላይ አለመውደቁ ነው። እናንተ ጋ ፋይሉ ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ ስላለ ፕሮግራሙ እሱኑ አንስቶ ይሠራል። የሚወድቀው ፓኬጁን ብቻ ያወረደ ሰው ጋ ነው። ያም ሆኖ ሰውየው ይነግራችኋል፤ አስተካክላችሁ አዲስ ቨርዥን ታወጣላችሁ፤ በዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው ጭጭ ይላል። ፓስዎርድ ያለበት ፋይል፣ የውስጥ ማስታወሻ፣ የተጨመቀውን ጃቫስክሪፕት ወደ ዋናው ኮድ የሚመልስ ሶርስ ማፕ አብሮ ቢወጣ ምንም ነገር አይሰበርም። ማንም አያማርርም። የወጣውን መመለስ ደግሞ አይቻልም ማለት ይቀላል። የፓይተን ማከማቻ በሆነው ፓይፓይ ላይ የጫናችሁትን ፋይል ብትሰርዙት እንኳ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ዳግመኛ መጫን አትችሉም። የራስት ማከማቻ በሆነው ክሬትስ ዶት አይኦ አንድን ቨርዥን ያንክ ብታደርጉ አዳዲስ ፕሮጀክቶች አይመርጡትም፤ ኮዱ ግን አይጠፋም። ፓስዎርድ ከወጣ መድኃኒቱ ፓስዎርዱን መቀየር ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት የትኛው ስህተት እንደሚጎዳችሁ እወቁ። ኮዱ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ላይብረሪ ከሆነ ትርፍ ፋይል ቢገባ ጉዳቱ የቦታ ብክነት ነው፤ የሚያስፈራው የሚቀረው ነው። ዝግ ኮድ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል።

## በስም የተጻፈ ዝርዝር

ይህ የጥንቱ መንገድ ነው፤ ዛሬም አልሞተም። የፐርል ፓኬጆች ማኒፌስት የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አላቸው። በእያንዳንዱ መስመር አንድ የፋይል ስም። ታርቦሉ (ፋይሎቹ በአንድነት የሚታሸጉበት ፋይል) ሲሠራ የሚገባው እዚያ የተጻፈው ብቻ ነው። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ለፖርቶቹ (ለሚያሽጋቸው ፕሮግራሞች) ፒኬጂ ፕሊስት የሚል ዝርዝር ይይዛል፤ እዚያ የሚጻፈው ግን ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነው።

ብዙ ሰው ይህን መንገድ «ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል?» ብሎ ይሸሸዋል። ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፍም። ፐርል ላይ «ሜክ ማኒፌስት» ብትሉ ዝርዝሩን ራሱ ያዘጋጃል። የማይፈለጉትን በማኒፌስት ዶት ስኪፕ ውስጥ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (በጽሑፍ ንድፍ መግለጫ) ታስቀራላችሁ። ከዚያ «ሜክ ዲስትቼክ» ፎልደሩን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ተጽፎ የሌለውን ይነግራችኋል፤ ኖሮ ያልተጻፈውንም ይነግራችኋል። ፍሪቢኤስዲ ላይም «ሜክ ሜክፕሊስት» ያወጣል፣ «ሜክ ቼክ ፕሊስት» ያረጋግጣል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። መሣሪያው ያወጣውን ዝርዝር ሳያነቡ መለጠፍ ዝርዝር እንደሌለ ይቆጠራል። የወጣው ነገር የያኔው ቢልድ ያፈራው ነው፤ መሆን የነበረበት አይደለም።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ለውጡ መታየቱ ነው። አንድ ሰው ፋይል ሲጨምር ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። ያ መስመር በኮድ ሪቪው ላይ ፊት ለፊት ይመጣል። «ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይገኛል። በኮከብ ምልክት ብትሰበስቡ ያ ጥያቄ የሚነሳበት አጋጣሚ የለም።

ድካሙ የሚበዛው ፋይሉ ሲበዛ ነው። በመሣሪያ የተዘጋጀ የሰነድ ገጽ በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል፤ ስሙም የሰነድ መሣሪያው ቨርዥን በተቀየረ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ይህን በስም መጻፍ ራስን መቅጣት ነው። ፎልደሩን በጅምላ ስጡትና ዞር በሉ።

ሜሰን የተባለው የቢልድ ሥርዓት በዚህ ረገድ ቆራጥ ነው። ለኮምፓይል የሚሰጡትን የሶርስ ፋይሎች በኮከብ ምልክት መሰብሰብ አይፈቅድም፤ ሆን ተብሎ የተወሰነ ነው። ሌላው የቢልድ ሥርዓት ሲሜክ ይፈቅዳል፤ ግን የራሱ ሰነድ ለሶርስ ፋይሎች አትጠቀሙበት ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፋይል ብትጨምሩ የሲሜክ ፋይሉ ስላልተነካ ቢልዱ አዲስ ነገር መኖሩን አያውቅም። ከ3.12 ጀምሮ በየቢልዱ ደግሞ እንዲያይ የሚያስገድድ አማራጭ ቢጨመርም ሰነዱ ምክሩን አልቀየረም።

## የኮከብ ምልክት

ኮከብ ምልክት መጥፎ አይደለም። የሚጎዳው ቦታውን ስቶ ሲቀመጥ ነው።

እንደ ፌዶራ ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች በሚያሽጉበት ሥርዓት፣ በአርፒኤም፣ አንድ ላይብረሪ ስታሽጉ እዩት። በፋይልስ ክፍሉ ውስጥ «ሊብ ስእል ዶት ኤስኦ ዶት ኮከብ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ዛሬ ላይብረሪው ኤስኦ 3 ነው (የላይብረሪ ፋይሉ ዋና ቁጥር 3 ነው)፤ ኮከቡ ያነሳዋል። ከወራት በኋላ ዋናዎቹ ጸሐፊዎች አዲስ ቨርዥን ያወጣሉ፤ ከአሮጌው ጋር የማይጣጣም ለውጥ ስላለ ቁጥሩን 4 ያደርጉታል። እናንተ የቨርዥን ቁጥሩን ብቻ ቀይራችሁ ትገነባላችሁ። ኮከቡ ኤስኦ 4ን ዋጥ ያደርጋል። ቢልዱ ያልፋል። ፓኬጁ ይወጣል። ከዚያ ኤስኦ 3ን ይዘው የተገነቡ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚፈልጉትን ያጣሉ።

ኮከቡን ሁለት ፊደል ወደ ቀኝ ብትገፉት ኖሮ፣ ማለትም «ኤስኦ ዶት 3» ብላችሁ ቁጥሩን በስም ጽፋችሁ ኮከቡን ከዚያ ወዲያ ላለው ንዑስ ቁጥር ብቻ ብትተዉት ኖሮ፣ ቢልዱ «ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ይቆም ነበር። እናንተም ቁጥሩ መቀየሩን ታዩና የሚመለከታቸውን ታስጠነቅቃላችሁ። የፌዶራ የፓኬጅ መመሪያ የላይብረሪውን ዋና ቁጥር በኮከብ አትሸፍኑ የሚለው ለዚህ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው አጭር ነው፦ ለውጡን ማወቅ የምትፈልጉትን ነገር በስም ጻፉ፤ ለውጡ ግድ የማይሰጣችሁን ለኮከብ ተዉት።

ሌሎቹ ወጥመዶች ትንንሽ ናቸው። ኮከብ ምልክት በብዙ መሣሪያዎች በነጥብ የሚጀምሩ ስውር ፋይሎችን አያይም፤ የፓይተን ማሸጊያ መሣሪያ የሆነው ሰትአፕቱልስም እንዲሁ ነው። አንድ ኮከብና ሁለት ኮከብም አንድ አይደሉም። ሁለቱ ወደ ንዑስ ፎልደር ይወርዳሉ፤ አንዱ አይወርድም። በየመሣሪያው ሰነድ ላይ አንድ ደቂቃ ማጥፋት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

## መፍቀድ ወይስ መከልከል?

የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መሣሪያው ኤንፒኤም ሁለቱንም መንገድ ጎን ለጎን ስለሚያቀርብ ለማነጻጸር ይመቻል። በፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ «ፋይልስ» የሚል መስክ አለ፤ እዚያ የተጻፈው ይገባል። ይህ የፍቃድ ዝርዝር ነው። በሌላ በኩል ዶት ኤንፒኤም ኢግኖር የሚባል ፋይል አለ፤ እዚያ የተጻፈው ይቀራል። ይህ የክልከላ ዝርዝር ነው። ሁለቱም ከሌሉ ኤንፒኤም ዶት ጊት ኢግኖርን ያነባል።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። አንድ ፕሮጀክት ኤንፒኤም ኢግኖርም ፋይልስም የለውም እንበል። የፓስዎርድ ፋይሉ ዶት ኢኤንቪ በጊት ኢግኖር ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ ወደ ጊትም አይገባም፣ ወደ ፓኬጁም አይገባም። ሰላም ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው «ቴስቶቹ ፓኬጁን አወፈሩት» ብሎ ዶት ኤንፒኤም ኢግኖር ይፈጥርና አንድ መስመር ይጽፋል፦ ቴስት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ፎልደር ያለው ጊት ኢግኖር አይነበብም። ኤንፒኤም ኢግኖር ካለ እሱ ብቻ ነው የሚሠራው። የቴስት ፎልደሩ ቀረ፤ የፓስዎርዱ ፋይል ገባ። ኤንፒኤም ሁልጊዜ የሚያስቀራቸው ፋይሎች አሉት፤ የጊት ፎልደርና ኖድ ሞጁልስ ከእነዚህ ናቸው። ዶት ኢኤንቪ ግን አይጨመርም።

በክልከላ ዝርዝር የሚያስፈራኝ ይህ ብቻ አይደለም። ክልከላ ዛሬ ያላችሁን ነገር ያውቃል፤ ነገ የሚመጣውን አያውቅም። ነገ አንድ ባልደረባ የዳታቤዝ ቅጂ ፕሮጀክቱ ውስጥ ቢያስቀምጥ ማንም አልከለከለውምና ይወጣል። የፍቃድ ዝርዝር ሲሆን ያው ፋይል ማንም አልፈቀደለትምና ይቀራል። ወደ ሕዝብ ማከማቻ የሚሄድ ነገር ሁሉ በፍቃድ ዝርዝር ቢሆን እመርጣለሁ፤ እዚህ ላይ አላመነታም።

የፍቃድ ዝርዝሩም የራሱ ቀዳዳ አለው። «ዲስት» የሚለውን ፎልደር ስትፈቅዱ ውስጡ ያለውን ሁሉ ፈቀዳችሁ። ቢልዱ ሶርስ ማፕ እዚያ ካስቀመጠ እሱም ይወጣል። ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት «ኤንፒኤም ፓክ»ን በድራይ ረን አማራጭ አሂዱት። ምንም ሳይልክ የሚገቡትን ፋይሎች ከነመጠናቸው ያሳያችኋል። ያልጠበቃችሁት ትልቅ ፋይል ካለ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል።

ራስት ላይ ነገሩ ጠራ ያለ ነው። የራስት ማሸጊያ መሣሪያው ካርጎ «ኢንክሉድ» እና «ኤክስክሉድ» አለው፤ ኢንክሉድ ከተጻፈ ኤክስክሉድ ዋጋ የለውም። «ካርጎ ፓኬጅ» ከሊስት አማራጭ ጋር ዝርዝሩን ያሳያል። ኮሚት ያልተደረገ (ጊት ውስጥ ያልተመዘገበ) ለውጥ ካለ ካርጎ ካላስገደዳችሁት በቀር አላሽግም ይላል። ከምንም በላይ የምወደው ግን ከመላኩ በፊት ፓኬጁን ፈቶ፣ ከተፈታው ላይ ኮምፓይል አድርጎ ማየቱ ነው። የቀረ የሶርስ ፋይል ካለ እዚያው ይያዛል። የክሬትስ ዶት አይኦ የመጠን ጣሪያ 10 ሜጋባይት መሆኑም ሳይታሰብ ይጠቅማል፤ ግዙፍ የቴስት ዳታ ተሸሽጎ ቢገባ በሩ ላይ ይመለሳል።

## ዝርዝሩን ለጊት መተው

ይህ ለሰነፍ ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ብልህነት ነው። አስቀድማችሁ «ይህ ፋይል የፕሮጀክቱ አካል ነው» ያላችሁበት ቦታ አለ፤ ጊት ነው። ታዲያ ለምን ሁለተኛ ዝርዝር? «ጊት አርካይቭ» በአንድ ትእዛዝ ታርቦል ያወጣል። የማይፈለገውን በጊት አትሪቢውትስ ፋይል ውስጥ «ኤክስፖርት ኢግኖር» ብላችሁ ታስቀራላችሁ። ፓይተን ላይ ሰትአፕቱልስ ኤስሲኤም የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ጊት የሚከታተለውን ሁሉ ወደ ሶርስ ፓኬጁ ያስገባል። የሜሰን «ዲስት» ትእዛዝም ኮሚት የተደረገውን ነው የሚወስደው።

ለሶርስ ታርቦል ይህን የሚያህል የለም። በፎልደሩ ውስጥ የተረሳ ጊዜያዊ ፋይል አይገባም። ኮሚት ያልተደረገ ሙከራም አይገባም።

የሚሰናከለው ጊት በሌለበት ነው። የሩቢ ጀሞች (ፓኬጆች) ላይ ጊት የሚያውቃቸውን ፋይሎች የሚዘረዝረውን «ጊት ኤልኤስ ፋይልስ» የሚል ትእዛዝ ጀምስፔኩ (የጀሙ መግለጫ ፋይል) ውስጥ መጥራት የተለመደ ነው፤ የሩቢ መሣሪያ የሆነው ባንድለር አዲስ ጀም ሲያዘጋጅም በዚያው መልክ ይጽፈዋል። አሁን አንድ የሊኑክስ ስርጭት ፓኬጀር የእናንተን ታርቦል አውርዶ ከዚያ ሊገነባ ሲል አስቡት። ታርቦሉ ውስጥ የጊት ታሪክ የለም። ጊት ራሱም በመገንቢያው ማሽን ላይ ላይኖር ይችላል። ትእዛዙ ወይ ይወድቃል ወይ ባዶ ይመልሳል፤ ባዶ ከመለሰ ጀሙም ባዶ ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ፎልደሮቹን በኮከብ ምልክት መጥራት ይሻላል።

ሁለተኛው መሰናክል ጊት የማያውቃቸው ግን መግባት ያለባቸው ፋይሎች ናቸው። ኮምፓይል የተደረጉ የትርጉም ፋይሎች፣ በመሣሪያ የተጻፈ ኮድ፣ አውቶቱልስ የተባለው የቢልድ መሣሪያ የሚያወጣው ኮንፊገር ስክሪፕት። ሰብሞጁል (በጊት ፕሮጀክት ውስጥ የተካተተ ሌላ የጊት ፕሮጀክት) የምትጠቀሙ ከሆነም ጊት አርካይቭ የሰብሞጁሎቹን ይዘት አይጨምርም፤ ባዶ ፎልደር ነው የሚሰጣችሁ።

ታርቦሉ ከጊት ጋር አንድ አለመሆኑ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም ያየው በ2024 ነው። መጋቢት 29 ቀን 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የሶፍትዌር መሐንዲስ የኤስኤስኤች (የርቀት ኮምፒውተር) መግቢያው ለምን ዘገየ ብሎ ሲያጣራ ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር (ስውር መግቢያ) ማግኘቱን አሳወቀ። ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ነበሩ። የተንኮሉ ዋና አካል የቴስት ፋይል መስሎ ጊት ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ፈልቅቆ የሚያስነሳው የኤም4 ስክሪፕት (የአውቶቱልስ ቢልድ ፋይል) ግን ጊት ውስጥ አልነበረም፤ በታርቦሎቹ ውስጥ ብቻ ነበር። ሰው ያላየው አውቶቱልስ ታርቦል ላይ የራሱን ፋይሎች መጨመሩ የተለመደ ስለሆነ ነው። ትርፍ ፋይል መኖሩ ማንንም አላስደነገጠም። የፋይል ዝርዝር ጉዳይ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን አስታውሱት።

## ፓይተን፦ አንድ ፕሮጀክት፣ ሁለት ዝርዝር

ፓይተን ላይ ብዙ ሰው የሚደናገረው ዝርዝሩ አንድ ስለሚመስለው ነው። ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሶርስ ፓኬጁ፣ ኤስዲስት የሚባለው ነው። ሁለተኛው ዊል ነው፤ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚያወርደው እሱን ነው። ማኒፌስት ዶት ኢን የሚያዘው የመጀመሪያውን ነው።

ምሳሌ እንይ። ፕሮጀክቱ ውስጥ የኮዱ ፎልደር አለ፤ ከጎኑ፣ ከእሱ ውጭ፣ ቴምፕሌትስ የሚል ፎልደር አለ። ማኒፌስት ዶት ኢን ውስጥ «ግራፍት ቴምፕሌትስ» (ፎልደሩን በሙሉ አስገባ) ትላላችሁ። ኤስዲስቱን ስትከፍቱ ቴምፕሌቶቹ አሉ። ደስ ይላል። ዊሉን ስትከፍቱ የሉም። ሰትአፕቱልስ ዊል ውስጥ የሚያስገባው ዳታ በፓይተን ፓኬጁ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠውን ነው። መፍትሔው ማኒፌስቱን መነካካት ሳይሆን ቴምፕሌትስን ወደ ኮዱ ፎልደር ማዛወር ነው። ከዚያ በኋላ «ኢንክሉድ ፓኬጅ ዳታ» የሚለው ቅንብር ያነሳዋል። ቅንብሩን በፓይፕሮጀክት ዶት ቶምል ለሚጽፍ ሰው ይህ በነባሪነት በርቷል፤ በአሮጌው ሰትአፕ ዶት ፓይ ለሚጽፍ ግን ራሱ ማብራት አለበት።

ማኒፌስት ዶት ኢን ውስጥ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ትእዛዞቹ ከላይ ወደ ታች ይፈጸማሉ። መጀመሪያ «ፕሩን» ብላችሁ አንድ ፎልደር ቆርጣችሁ፣ ቀጥላችሁ የላይኛውን ፎልደር «ግራፍት» ብትሉ የቆረጣችሁት ተመልሶ ይገባል። ሰፊውን አስቀድሙ፣ ቆረጣውን አስከትሉ።

አንድ ሌላ ነገር ራስ ያዞራል። አንድን ፋይል ከማኒፌስቱ አውጥታችሁት አሁንም ፓኬጁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከቀድሞ ቢልድ የቀረው የኤግ ኢንፎ ፎልደር ሶርስስ የሚባል የፋይል ዝርዝር ይዟል፤ ሰትአፕቱልስ እሱንም ያነባል። ኤግ ኢንፎውን ሰርዛችሁ እንደገና ገንቡ። እንዲያውም ለሰው የሚወጣውን ፓኬጅ ምንጊዜም ከአዲስ የጊት ቅጂ መገንባት ግልግል ነው።

ፓኬጆችን ራሱ ፈልጎ የሚያገኘውን «ፋይንድ ፓኬጅስ»ን ያለ ምንም ገደብ የሚጠራ ፕሮጀክትም ቴስትስ የሚለውን ፎልደር እንደ አንድ ፓኬጅ ይቆጥርና ተጠቃሚው ሳይት ፓኬጅስ (የፓይተን ፓኬጆች የሚጫኑበት ፎልደር) ውስጥ ይጭነዋል። ሁለት ፕሮጀክቶች እንዲህ ሲያደርጉ አንዱ የሌላውን ይደርብበታል። ኮዱን «ኤስአርሲ» በሚባል ፎልደር ሥር ማስቀመጥ ይህን ከሥሩ ይነቅለዋል።

መሣሪያ ልጠቁም። ቼክ ማኒፌስት ጊት ያለውን ከኤስዲስቱ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ይነግራል። የፓይተን «ቢልድ» መሣሪያ ደግሞ ምንም ካልነገራችሁት በመጀመሪያ ኤስዲስቱን ይሠራል፤ ከዚያ ዊሉን ከኤስዲስቱ ይሠራል። ኤስዲስቱ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ዊሉ ላይ ይታያል። ዊሉን ብቻ ነጥላችሁ ከሶርስ ፎልደሩ ከገነባችሁ ይህ ፍተሻ ያመልጣችኋል።

## ተጠቃሚው ማሽን ላይ የሚጫነው

እስካሁን ያልነው ወደ ማከማቻ ስለሚሄደው ነው። የሊኑክስ ስርጭት ፓኬጅ ሲሆን ዝርዝሩ ሌላ ኃላፊነት አለበት፤ ፓኬጁ ሲነቀል የሚጠፋውን የሚወስነውም እሱ ነው።

እዚህ አርፒኤም እና ዴቢያን የሚያስቀና ነገር አላቸው። አርፒኤም ቢልዱ የጫነው ግን ፋይልስ ውስጥ ያልተጠራ ነገር ካገኘ ቢልዱን ያቆማል። የተጠራ ግን የሌለ ካገኘም ያቆማል። ስህተቱ በሁለቱም በኩል በቢልድ ሰዓት ይያዛል። ዴቢያን ላይ ዲኤች ሚሲንግ ይህን ይሠራል፤ ከኮምፓት 13 (የማሸጊያ መሣሪያው ደረጃ) ጀምሮ ማንም ያልወሰደው ፋይል ካለ በነባሪነት ቢልዱን ይጥላል። ሆን ብላችሁ የተዋችሁትን «ኖት ኢንስቶልድ» በሚባል ፋይል ውስጥ ትጽፋላችሁ። ያቺ ፋይል ትንሽ ብትሆንም ዋጋዋ ትልቅ ነው። «ረስቼው ነው» እና «ትቼው ነው» ይለያሉ።

የሚያናድደው ብዙ ሰው የመጀመሪያው ስህተት ሲመጣበት ፍተሻውን ማጥፋቱ ነው። አርፒኤም ላይ አንድ ማክሮ ዜሮ ማድረግ ይበቃል። አታድርጉት። ስህተቱ የጠራውን ፋይል አንብቡ፤ ወይ አስገቡት ወይ በግልጽ አስቀሩት።

አርፒኤም ላይ ፎልደር ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። የፎልደር ስም ብቻውን ከተጻፈ ውስጡ ያለው ሁሉ ይገባል። ፎልደሩን ብቻ ከፈለጋችሁ «ዲር» የሚለውን ምልክት አስቀድሙ። ፋይሎቹን ብቻ ጠርታችሁ ፎልደሩን ከረሳችሁት ፓኬጁ ሲነቀል ባዶ ፎልደር ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ዊንዶውስ ላይ ሦስቱ የታወቁ መሣሪያዎች በዚህ ይለያያሉ። ኢኖ ሰትአፕ የጫነውን ራሱ ይመዘግባል፤ ሲነቀል በመዝገቡ ይሄዳል። በኮከብ ብትሰበስቡም ችግር የለውም። ኤንሲስ አይመዘግብም፤ ማጥፊያውን እናንተ ትጽፋላችሁ። እዚህ ጋ ሰነፍ ሰው «የተጫነበትን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ አጥፋ» ብሎ ይገላገላል። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ከግል ሰነዶቹ ጋር አንድ ፎልደር ላይ ጭኖት ከሆነ ሰነዶቹም አብረው ይሄዳሉ። የኤንሲስ ሰነድ ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። በኤንሲስ ከሆነ የማጥፊያውን ዝርዝር በስም፣ ወይም ከቢልዱ በስክሪፕት አውጡት። ዊክስ ከሁሉም ጥብቅ ነው፤ ፋይሎቹ በኮምፖነንት (አብረው በሚጫኑና በሚነቀሉ ክፍሎች) መደራጀት አለባቸው፤ የኮምፖነንቱ መለያ ደግሞ በየቨርዥኑ ዝም ብሎ መለዋወጥ የለበትም። ለአነስተኛ ፕሮግራም ኢኖን እመርጣለሁ። ድርጅት ውስጥ በማዕከል ለሚጫን ነገር ግን ኤምኤስአይ (የዊንዶውስ የመጫኛ ፋይል ዓይነት) ስለሚፈለግ ከሦስቱ ዊክስ አይቀሬ ነው።

## እኔ ብመርጥ

የሶርስ ታርቦል ከሆነ ለጊት እተወዋለሁ፤ ጊት የማያውቃቸውን ጥቂት ፋይሎች ብቻ በስም እጨምራለሁ። እንደ ኤንፒኤም ወዳለ የሕዝብ ማከማቻ የሚሄድ ከሆነ የፍቃድ ዝርዝር። ተጠቃሚው ማሽን ላይ የሚጫን ላይብረሪ ከሆነ ፕሮግራሙንና የላይብረሪውን ቁጥር በስም፣ ሰነድና ትርጉሙን በፎልደር። አውቶቱልስ ላይ ያለ ሰው «ሜክ ዲስትቼክ»ን አይዝለል፤ ስሙ ከፐርሉ ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ሰፊ ነው። ታርቦሉን ፈቶ ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ ይጭናል፣ ይነቅላል፤ ከነቀለ በኋላ የቀረ ፋይል ካለ ይናገራል። ከዚህ የበለጠ ፍተሻ በነጻ አይገኝም።

መሣሪያችሁ እንዲህ ያለ ፍተሻ ከሌለው በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፋይሎቹን በኮከብም በጊትም ሰብስቡ። ከዚያ ያለቀውን ፓኬጅ ክፈቱና የውስጡን የፋይል ስሞች ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል አውጡ። ዊል ማለት ዚፕ ነው፤ የኤንፒኤም ፓኬጅና የራስት ክሬት በጂዚፕ የተጨመቁ ታርቦሎች ናቸው። ስለዚህ ተራ መሣሪያ ይበቃል። ያንን የጽሑፍ ፋይል ጊት ውስጥ አስቀምጡ። የቢልድ ሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ ፓኬጅ ይሥራ፣ ዝርዝሩን ያውጣ፣ ከተቀመጠው ጋር ያስተያይ፤ ከተለያዩ ይውደቅ። አሁን ለመሰብሰብ ኮከብን ተጠቅማችሁ፣ ለማረጋገጥ በስም የተጻፈ ዝርዝር አላችሁ። ዶት ኢኤንቪም ይሁን ኤስኦ 4 በዚህ ሳይታይ አያልፍም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር የስሞቹ ቅደም ተከተል ነው። የፋይል ሥርዓቱ ስሞችን በየማሽኑ በተለያየ ተራ ሊመልስ ይችላል። ሶርት ብትሉትም የቋንቋ ቅንብሩ ከማሽን ማሽን ከተለያየ ትልቁና ትንሹ ፊደል የሚቀመጡበት ቦታ ይለያያል፤ ምንም ሳይለወጥ ግማሹ ዝርዝር የተቀየረ ይመስላል። ከመደርደራችሁ በፊት ኤልሲ ኦል የሚባለውን ተለዋዋጭ «ሲ» አድርጉት። ታርቦሉን ራሳችሁ የምታሽጉ ከሆነም የጂኤንዩ ታር ከ1.28 ጀምሮ በስም መደርደሪያ አማራጭ ስላለው ተጠቀሙበት። ቨርዥን ቁጥር ያለባቸውን የፎልደር ስሞች፣ ለምሳሌ ታርቦሉ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያውን ፎልደር፣ ከማስተያየታችሁ በፊት ቁረጧቸው። አለዚያ በእያንዳንዱ አዲስ ቨርዥን ሁሉም መስመር ይለወጥና ሰው ልዩነቱን ሳያነብ ማጽደቅ ይለምዳል።